በክርስቲያናዊ ስጦታና አገልግሎት ስለ ቅንነትና ታማኝነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በሙዳየ ምጽዋት ቆጠራና በሒሳብ መዝገብ ሥራ ባገለገልሁባቸው ዓመታት ከምእመናንም ከአገልጋዮችም ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው። መልሶቹ በዋናነት ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ ሲሆኑ፣ በየመካከሉ በሥራው ላይ ያየሁትንና የታዘብሁትን ጨምሬአለሁ። ንስሐንና የግል ሕይወትን የሚመለከተውን ጉዳይ አንባቢ ከራሱ የንስሐ አባት ወይም መጋቢ ጋር እንዲመክርበት አደራ እላለሁ።

ስለ ስጦታ ሲነገር «ቅንነት» እና «ታማኝነት» የሚባሉት አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

ሁለት ናቸው፤ ነገር ግን ሲለያዩ ሁለቱም ይበላሻሉ። ቅንነት የሰጪው ልብ ከእጁ ጋር መግጠሙ ነው፤ ታማኝነት ደግሞ የተሰጠው ነገር ከሰጪው እጅ ወጥቶ ከታሰበለት ቦታ እስኪደርስ ድረስ ሳይጎድልና መንገዱን ሳይስት መጠበቁ ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን እንረሳለን፤ «እግዚአብሔር ልቤን ያውቀዋል» እንልና መዝገቡን እንተወዋለን። በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 29 ላይ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ንጉሥ ዳዊት በዚያ ምዕራፍ እግዚአብሔር ልብን እንደሚመረምርና ቅንነትን እንደሚወድ፣ ሕዝቡም የሰጠው ከራሱ ከእግዚአብሔር እጅ የተቀበለውን መሆኑን በጸሎቱ ይናገራል። ከዚያ ጸሎት ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ ደግሞ የተሰጠው ሁሉ በዝርዝር ተጽፏል፤ ወርቁ 5,000 መክሊት፣ ብሩ 10,000 መክሊት፣ ናሱ 18,000 መክሊት፣ ብረቱ 100,000 መክሊት። የከበረ ድንጋይ ያላቸውም ሰዎች ድንጋዩን ለማን እንዳስረከቡ ሳይቀር ተመዝግቧል፤ ተረካቢው ጌድሶናዊው ይሒኤል ነበር። ስለ ልብ ንጽሕና ያን ያህል የጸለየው ጉባኤ ርክክቡንም በስም ይዟል።

የሐናንያና የሰጲራ ጥፋት ከገንዘቡ ማስቀረታቸው ነበር?

አይደለም፤ ይህ በብዙ ስብከት ላይ ሳይቀር የሚሳት ነጥብ በመሆኑ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ታሪኩ የሚጀምረው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 መጨረሻ ላይ ነው። የቆጵሮስ ተወላጅ የነበረው ሌዋዊው በርናባስ እርሻውን ሸጦ ገንዘቡን ከሐዋርያት እግር አጠገብ አኖረ። ወዲያው በምዕራፍ 5 ሐናንያና ሚስቱ ሰጲራም መሬት ሸጡ፤ ከዋጋው ግን ከፍለው አስቀሩና የቀረውን እንደ ሙሉ ዋጋ አድርገው አቀረቡ። ቅዱስ ጴጥሮስ ሐናንያን «ለምን አስቀረህ» ብቻ ብሎ አላለፈውም፤ መሬቱ ሳይሸጥ የእርሱ እንደ ነበረ፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእርሱ ሥልጣን ሥር እንደ ነበረ በግልጽ ነገረው። እንግዲህ ግማሹን ሰጥቶ «ግማሹን ነው የሰጠሁት» ቢል ማንም አይነካውም ነበር። ያጠፋው የበርናባስን ዋጋ ሳይከፍል የበርናባስን ስም መፈለጉና ለዚያም መንፈስ ቅዱስን መዋሸቱ ነው። ሰጲራም ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ስትመጣ መሬቱን ይህን ለሚያህል ዋጋ ሸጣችሁን ተብላ ተጠይቃለች፤ እውነቱን ለመናገር ዕድል ነበራት።

ይህ ነገር በእኛ ዘመን መሬት በመሸጥ ብቻ የሚገለጥ አይደለም። ወንድሙ ያዋጣውን ጨምሮ በራሱ ስም የሚያስመዘግብ፣ አሮጌውን ልብስ አውጥቶ ለነዳያን «አዲስ ገዛሁ» የሚል፣ ከአሥር ሰው የተሰበሰበውን ለአብነት ተማሪዎች ወስዶ ሲያበቃ የብቻው አድርጎ የሚተርክ ሁሉ ከዚያ መሬት ሻጭ ጋር በአንድ መንገድ እየሄደ ነው። ትንሽ ሰጥቶ ትንሽ መሆኑን የሚናገር ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚያሳፍረው ነገር የለም።

ሰው እያየኝ መስጠት ግብዝነት ነው? በአደባባይ ስሜ ቢጠራስ?

ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የከለከለው ለመታየት ብሎ መስጠትን ነው። መታየት ራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ያችን መበለት ማንም ባላወቃት ነበር፤ በመዝገብ ሣጥኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሕዝቡ ገንዘብ ሲጥል ያየው፣ ሁለቱን ትንንሽ ሳንቲሞቿንም አይቶ ለደቀ መዛሙርቱ የመሰከረላት ራሱ ጌታ ነው። እርሷ ግን እንደታየች አላወቀችም።

በግንባታ ማሰባሰቢያ ጉባኤያት ላይ ሥዕል፣ ጃንጥላ ወይም ዳቦ ለጨረታ ሲቀርብና የተጫራቾች ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ብዙ ገንዘብ እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ በዚህ መንገድ ያለቁ ሕንፃዎችም አሉ። ቢሆንም እንደ እኔ አስተያየት አስተባባሪዎች ሁለት ነገሮችን ሊጠነቀቁ ይገባል። አንደኛው ድሀው በዚያ መካከል እንዳይሸማቀቅ ነው፤ 50 ብር ይዞ የመጣ ሰው በእልልታውና በጭብጨባው መካከል እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛው በሞቅታ የሚገባ ቃል ነው። መጽሐፈ መክብብ ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል (5፥5)። ቃል የተገባውን ብር ቆጥሮ ብረትና ሲሚንቶ በዱቤ ያነሣ ኮሚቴ፣ በማግሥቱ ቃል የገቡት ሰዎች ስልክ አልነሣ ሲለው የሚገባበትን ጭንቀት የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው። ቃል የገቡበት አቅም በኋላ ካጡ ዝም ብለው ከመጥፋት ይልቅ ለኮሚቴው ቀድመው ያሳውቁ።

በሐሰት ወይም በግፍ ያገኘሁትን ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ብሰጥ ይነጻል?

አይነጻም። ኦሪት ዘዳግም (23፥18) በነውር የተገኘ ገንዘብ፣ ለምሳሌ የጋለሞታ ዋጋ፣ ለስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። የተበደለው ሰው በሕይወት ካለ ገንዘቡ የሚመለሰው ለእርሱ ነው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ላይ የቀማ ሰው ዋናውን ከአምስተኛ እጅ ጭማሪ ጋር ለባለቤቱ እንዲመልስ ታዟል፤ መሥዋዕቱ የሚቀርበው ከዚያ ጋር ነው። ዘኬዎስም ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ሲሰጥ፣ በሐሰት የከሰሰውን ሰው ገንዘብ ደግሞ አራት እጥፍ እንደሚመልስለት ለይቶ ተናግሯል። ለድሀ የሚሰጠው ሌላ፣ ለተበደለው የሚመለሰው ሌላ ነው፤ ሁለቱን አላምታታቸውም። የሠራተኛውን ደመወዝ ለወራት ይዞ በዓመታዊው ክብረ በዓል ምንጣፍ የሚያነጥፍ ነጋዴ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ወላጆቼን እየረዳሁ አስራት ማውጣት ካልቻልሁስ?

ይህን ጥያቄ አብዝተው የሚያቀርቡት በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶች ናቸው። የወር ደመወዟን አንድ እጅ ለእናቷ መድኃኒት፣ አንድ እጅ ለወንድሟ ትምህርት ቤት ክፍያ ልካ በስልኳ ደግሞ የአምስት ቦታ የግንባታ ጥሪ የሚደርሳት እኅት ኅሊናዋ ቢወቅሳት አይገርምም። መልሱን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እናገኘዋለን፤ ጌታ አባትና እናቱን ሊረዳበት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» ብሎ የሚከለክለውን ሰው ሥርዓት የእግዚአብሔርን ቃል የሚሽር ብሎታል። አስራትን መስጠት ከአባቶች የተቀበልነው መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ጌታ ከአዝሙድና ከእንስላል አስራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን የተዉትን ሲነቅፍ ሁሉንም በየደረጃው አስቀምጦልናል። በእርሷ ቦታ ያለች ሰው ከንስሐ አባቷ ጋር ተማክራ የምትችለውን ትወስን፤ ያልቻለችውን ደግሞ እንደቻለች አታስመስል። ጥሪ የሚያቀርቡ ወገኖችም «ካልሰጣችሁ በረከት ይቀርባችኋል» እያሉ በፍርሃት ማስጨነቃቸውን ቢተዉ ምኞቴ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ እንጂ በኀዘን ወይም በግድ እንዳይሰጥ ጽፏልና (2 ቆሮንቶስ 9፥7)።

ደረሰኝና ሒሳብ መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም?

ከሁሉ አብዝቶ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጠይቀው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። መልሴ አይደለም የሚል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ከመቄዶንያና ከአካይያ ምእመናን ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስተላልፍ ብቻውን አልያዘውም። ቲቶን ላከ፤ ከእርሱም ጋር በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠና የተመሰገነ ወንድም፣ እንደገናም ሌላ ወንድም ጨመረ። ምክንያቱንም ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ሲል ገለጸው (2 ቆሮንቶስ 8፥20-21)። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ስጦታቸውን የሚያደርሱትን ሰዎች ራሳቸው እንዲመርጡ ጽፎላቸዋል። ስለ ክርስቶስ ሞትን የናቀው ሐዋርያ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ዛሬ «እኔን ትጠራጠራላችሁ ወይ» የሚል ገንዘብ ያዥ ማንን ይመስላል?

ካህኑ ዕዝራም ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ብሩንና ወርቁን ለአሥራ ሁለት የካህናት አለቆችና ለሌዋውያን ወንድሞቻቸው መዝኖ ሰጥቷል፤ ኢየሩሳሌም በደረሱ በአራተኛው ቀንም በእግዚአብሔር ቤት እንደገና ተመዘነ፤ ቁጥሩና ሚዛኑ ሁሉ ተጻፈ (ዕዝራ 8)። ተረካቢዎቹ ካህናት ነበሩ፤ ካህናት ስለሆኑ ሚዛኑ አልቀረም።

በቆጠራው ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ በቀላሉ ይገባዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙዳየ ምጽዋቱ ሲከፈት አስቀድሞ የሚመጣው የዕጣንና የጧፍ ሽታ ነው። ብሩ ተጣጥፎ ተጣጥፎ የአውራ ጣት ጥፍር አክሏል፤ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ የቆየው ደግሞ የቋጠሮው መጨማደድ አልለቀቀውም፤ እየተዘረጋ በእጅ መዳፍ መተኮስ አለበት። አንዳንዱ በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ «ስለ ልጄ» ተብሎ ተጽፎበታል። አንድ ቀን ከሳንቲሙ ሥር ያገኘነው የአንዲት እናት የጆሮ ጉትቻ ነበር፤ አንዱ እግር ብቻ። ያን ጉትቻ ያወለቀችው እናት ማን እንደቆጠረላትና የት እንደ ገባ በግልጽ የማወቅ መብት የላትም ማለት ለእኔ የማይቻል ነው።

መዝገብ አገልጋዩንም ይጠብቃል። በአንድ ወቅት በዚያው አጥቢያ ባንክ የገባው ገንዘብ ከደረሰኙ ድምር ያነሰ ሆነና አንድ ወጣት ዲያቆን ተጠረጠረ፤ ገንዘቡን ብቻውን ወደ ባንክ ይዞ ሄዶ ስለነበር ንጽሕናውን የሚመሰክርለት ሰው አልነበረም። ከጠረጠሩት አንዱ እኔ ነበርሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መመዝገቡ ተገኘ፤ ምንም የጎደለ ገንዘብ አልነበረም። ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ይቅር አለን፤ ወደዚያ አገልግሎት ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ሙዳዩ በሦስት ሰው እጅ ያሉ ሦስት ቁልፎች ካልተሰባሰቡ አይከፈትም፤ የተቆጠረው በቃለ ጉባኤ ይፈረማል፤ ባንክም የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዓዋዲ ደንብ የሰበካ ጉባኤን ያቋቋመችው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው የአጥቢያቸውን ሥራና ሀብት እንዲመሩ ነው። ስለዚህ በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ሒሳብ የጠየቀ ምእመን በመብቱ ይጠይቃል፤ ግዴታውንም ይወጣል።

በአሜሪካ የምንኖርስ በምን እንለያለን?

በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት፣ ከሌሎች በጎ አድራጎት ድርጅቶች በተለየ፣ ዓመታዊ የገንዘብ መግለጫ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት እንዲያስገቡ አይገደዱም። ይህም ማለት አባላቱ ራሳቸው ካልጠየቁ ሌላ የሚጠይቅ አካል እምብዛም የለም። ሰጪውም በበኩሉ ፈተና አለበት። በአንድ ጊዜ 250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሰጠና ከግብር ለማስቀነስ የሚፈልግ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ የጽሑፍ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል፤ ለእራት ግብዣ ትኬት ከከፈለው ላይ ደግሞ የእራቱ ዋጋ ተቀንሶ የቀረው ብቻ ነው ስጦታ የሚባለው። ለዚህ ሲባል ገንዘብ ያዡን «ትንሽ ከፍ አድርገህ ጻፍልኝ» ብሎ መለመን ከሐናንያ ታሪክ የሚለየው ውሸቱ በማኅተም መረጋገጡ ብቻ ነው።

ለግንባታ የሰጠሁት ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ቢውል ጥፋት ነው? ሁሉም ለቤተ ክርስቲያን አይደለም ወይ?

ለተባለለት ዓላማ ሊውል ይገባል። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ መክደኛውን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ የተሰበሰበውም የፈረሰውን ቤት ለማደስ ነበር። ጸሐፊው ከዚያ ገንዘብ የብር ጽዋም ሆነ መለከት እንዳልተሠራ፣ ገንዘቡ ለሠራተኞቹ ብቻ እንደተከፈለ ሆን ብሎ ይነግረናል። የብር ጽዋ ለቤተ መቅደስ ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ሕዝቡ የሰጠው ለእድሳቱ ስለነበር ነው። ችግር ቢያስገድድ እንኳ ኮሚቴው አስቀድሞ ለሰጪዎቹ ነግሮ ፈቃዳቸውን ይጠይቅ።

አገልጋይ ስለ አገልግሎቱ ገንዘብ መቀበሉ ተገቢ ነው?

ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል እንዲኖሩ ጌታ ደንግጓል (1 ቆሮንቶስ 9፥14)፤ ቤተሰብ ያለውን ካህን፣ መጋቢ ወይም ዘማሪ እየተራበ እንዲያገለግል መተው የምእመናን ነውር ነው። የተከለከለው ጸጋን መሸጥ ነው። የነቢዩ ኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ፣ ጌታው ከለምጹ የነጻውን የሶርያዊውን የንዕማንን ስጦታ እምቢ ካለ በኋላ ንዕማንን ተከትሎ ሄዶ፣ ያልመጡ እንግዶች መጡ ብሎ ዋሽቶ ተቀበለ፤ የንዕማን ለምጽም በእርሱ ላይ ሆነ። ዛሬ «ይህን ያህል ካስገባህ እጸልይልሃለሁ» የሚል ድምፅ በስልክና በቴሌቪዥን ሲሰማ፣ የታመመ ልጅ ያላት እናት ያላትን ሁሉ ከማውጣቷ በፊት «በከንቱ ተቀበላችሁ በከንቱ ስጡ» የሚለውን ቃል የሚያስታውሳት ሰው አጠገቧ ቢኖር እንዴት መልካም በሆነ።

ነዳያንን ስናበላ ፎቶ ብናነሣ ምን ችግር አለው?

ለሰጪዎች ሪፖርት የሚያስፈልግ ከሆነ የተገዛውን ጤፍ፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ከነደረሰኙ ማንሣት ይበቃል። ሰውን ማንሣት ካስፈለገ አስቀድሞ ሊፈቅድ ይገባል፤ በእጁ ላይ እንጀራ ከመደረጉ በፊት የተጠየቀ የተራበ ሰው ግን እምቢ ለማለት ነጻነት የለውም። በአንድ በዓል ዕለት አንድ አዛውንት ቪዲዮ ቀራጩ እስኪጨርስ ድረስ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ሲጠብቁ አይቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ በምናዘጋጀው ዝክር ላይ ካሜራ እንዳይገባ ተስማምተናል።

ልቤ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ መስጠትና ማገልገል ላቁም?

አያቁሙ። እርስዎ ልብዎን መርምረው እስኪጨርሱ የተራበው አይጠብቅም። የውዳሴ ፍቅር እንዳለብዎ ካወቁ ከሚሰጡት ውስጥ የተወሰነውን ማንም በማያውቀው መንገድ ይስጡ፤ ከአገልግሎትም መካከል የማያስመሰግነውን፣ ለምሳሌ ምንጣፍ መጥረግን ወይም ከዝክር በኋላ ድስት ማጠብን ይምረጡ።

አንድ አገልጋይ የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ ማጉደሉን ባውቅ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ማወቅዎንና መጠርጠርዎን ይለዩ። ያዩትን ቀን፣ መጠንና ሰነድ ይጻፉ። በማቴዎስ 18 እንደተጻፈው ለብቻው ያነጋግሩት፤ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጨምሩ፤ ከዚያም ለሰበካ ጉባኤው ወይም ለሽማግሌዎች ጉባኤ ያቅርቡ። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስሙን አውጥቶ መጀመር ንጹሕ የሆነውን ሰው ሊያጠፋ ይችላል፤ የዲያቆኑን ታሪክ ከላይ ተናግሬአለሁ። በሌላ በኩል «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ» ተብሎ የተረጋገጠውን ስርቆት መሸፈን የሰጪዎቹን አደራ መካድ ነው፤ የአገሩ ሕግ የሚጠይቀው ነገር ካለም ጉባኤው ሊደብቅ አይገባም። ያጠፋው ሰው አምኖ፣ ንስሐ ገብቶ ገንዘቡን ቢመልስ ወንድምነቱ አይቋረጥም፤ በሌላ አገልግሎትም ሊሰማራ ይችላል። የሙዳዩ ቁልፍ ግን በሌላ ሰው እጅ ይሁን፤ ይህንንም ጉባኤው በፍቅር አስረድቶት በቃለ ጉባኤ ይያዘው።